ሳይላክ የደረሰ መልእክት

ሐጂ ዐብዱልከሪም ፉሉን በዳቦ እየዛቁ ሳለ አጠገባቸው ያለው ስልክ ጮኸ። የሐጂ ስልክ ሲጮህ ቤቱ ዝም ይላል፤ ልማዱ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ቁርሱ ቆመ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «ስልሳ ሺህ ብር ገብቷል። ላኪውን ግን አላወቅሁትም።» ባለቤታቸው ፈትሂያ የማታውቀውን ሰው እዚያው መመረቅ ጀመረች፤ ዕድሜውን እንዲያረዝምለት፣ ልጆቹን እንዲያሳድግለት፣ ሀብቱን እንዲባርክለት። ታላቁ ልጅ ኸሊል «አሚን» አለ። ታናሿ ዐዚዛ ግን የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ድረስ አድርሳ እንደያዘች ቀረች።

«አባባ፣ እሱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ ስልሳ ሺህ ብር ከየት አምጥተሽ?»

«አላመጣሁም። ውሸት ነው። ትናንት ስሞክር መሞከሪያዬን ሳላጠፋው ረስቼ ነው።»

ሐጂ መልእክቱን ደግመው አነበቡት፤ ደግመው ቢያነቡትም ያው የባንክ መልእክት ነው። ፈትሂያ «እንግዲያ ምርቃቴን መልሺልኝ» ብላ ሳቀች፤ ኸሊልም ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ስልኩን አስቀምጠው ዳቧቸውን ቆረሱና «ሌባ ስትፈልጊ ከቤት ጀመርሽ?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሱቅ ድረስ አብረው ሲሄዱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሐጂ ሲቆጡ ይጮኻሉ፤ ሲያዝኑ ነው ዝም የሚሉት። ዐዚዛ ይህን ስለምታውቅ ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ተከተለች።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ረመዳን ነው። አንድ ጥሩ ልብስ የለበሰ ወጣት ከሐጂ ሱቅ ብረት ገዝቶ፣ ክፍያውን በስልክ ልኬያለሁ ብሎ፣ መልእክቱን አሳይቶ፣ ጭኖ ሄደ። ገንዘቡ እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። ዐዚዛ ያኔ ዩኒቨርሲቲ አብሯት ከተማረው ከጌትነት ጋር ሆና አንድ ፕሮግራም ሠራች። ጌትነት «ንጋት» አለው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ከሚለው አባባል ወስዶ። ነጋዴው ገዢው የሚያሳየውን መልእክት በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል፤ ንጋት መርምሮ እውነት ከመሰለው አረንጓዴ፣ ካልመሰለው ቀይ ያበራል። በነፃ ነው የሚታደለው፤ ውስጡም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም አይቶ ሊያርመው፣ ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ደብቀዋል። ንጋት ሌባን እንዲለይ በየቀኑ የሚያታልለው ሌባ ያስፈልገዋልና የባንክ መልእክት አስመስሎ የሚጽፍ መሞከሪያ ሠርተውለታል። ስሙም «አስመሳይ» ነው። የጧቱን ስልሳ ሺህ ብር የላከው እሱ ነው።

ልዕልት የምትባል በደሴ ያለች ባለሙያ፣ እንደ እነሱ ንጋትን በነፃ የምታግዝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስትጽፍላቸው ቆይታለች። «መሞከሪያውን ካላሳያችሁን ሙከራችሁን እንዴት እንመን? እኛስ በምን እንሞክር?» ትላለች። ዐዚዛና ጌትነት «ለጥንቃቄ ሲባል» እያሉ ሲመልሱላት ከርመው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማራኪ ሰፈር ጌትነት ቤት ተገናኝተው ይልቀቁት አይልቀቁት ቁርጡን ሊያሳውቋት ተቀጣጥረዋል። ዐዚዛ ትናንት ታመነታ ነበር። ከቁርስ በኋላ ግን ማመንታቷ አለቀ። የገዛ አባቷን ፉል እየበሉ ሳለ ያታለለ ነገር አደባባይ ወጥቶ ምን ሊሠራ እንደሚችል አየችው። አይለቀቅም።

የሐጂ ሱቅ ቅዳሜ ገበያ ጠርዝ ላይ ነው። ከፊት ቆርቆሮና ምስማር፣ ሽቦና የበር ማጠፊያ ተደርድሯል፤ ከኋላ አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ ዐዚዛ ኮምፒውተሯን የምትከፍተው እዚያ ነው፤ የቤቱ መብራት ሲጠፋ የሱቁ ጄነሬተር አለና። ግንቦት ሊያልቅ ስለሆነ ገበያው የጣሪያ ገበያ ነው። ቆርቆሮ ካለፈው ዓመት በጣም ተወዷል፤ የአርባ ቆርቆሮ ቤት ለመክደን የመጣ ሰው ዋጋውን ሲሰማ መጀመሪያ ወደ ሐጂ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማይ ይመለከታል። ሰማዩም አያስመርጥም። ጧት ጧት የጠራ ይመስልና ከቀትር በኋላ ከደጋው በኩል ይጠቁራል። ዐዚዛ ከቆርቆሮው ኳኳታ ጀርባ ተቀምጣ ለልዕልት የምትጽፈውን የእምቢታ ደብዳቤ እያሳመረች ሳለ «ሌባ» የሚል ቃል ሰማች። የኸሊል ድምፅ ነው።

ወጣች። ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ የሻው የሚባሉ የዳባት ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻቸው ጥለው፣ ትንሽዋን ባለ ቁልፍ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ከመንገዱ ማዶ አንድ አይሱዙ ቆሟል፤ እላዩ ላይ የአገራቸው ሰዎች ከነሸመቱት ዕቃ ተቀምጠው ወደዚህ ያያሉ። ነገሩን ከኸሊል አንደበት ሰማችው። ሰውየው አርባ ቆርቆሮ ከነምስማሩ መርጠው፣ የስልካቸውን የኮከብና የመሰላል ቁልፍ ራሳቸው እየነካኩ በባንክ ከፈልኩ ይላሉ፤ መልእክቱም ስልካቸው ላይ አለ፤ ሐጂ ስልክ ላይ ግን ምንም አልገባም። ባንክ ሰው ቢላክ «ሲስተም የለም» ተብሎ ተመለሰ። ኸሊል መልእክቱን በንጋት ፎቶ ሲያነሣው ቀይ አበራ።

«ይኸው፣ አንቺው ንገሪያቸው» አለ ስልኩን እየዘረጋላት። «ጧት ደግሞ የውሸቱ መልእክት ከቤታችን ነው የተላከው። ከእንግዲህ ማን ይታመናል?»

«ቀይ ካለ ዝም ብሎ አይልም» አለች ዐዚዛ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ አይሱዙው ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋታል።

ሽማግሌው ወደ እሷ አልዞሩም። የተናገሩት ለሐጂ ነው። «ምነው ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜዬ? በሬ ሸጬ ነው የመጣሁ። ልጄ አበቡ ባሏ ሞቶባታል፤ የቤቷን ሣር ዛሬ ጧት አፍርሰነው ነው የወጣሁ፤ ልጆቿ ሰማይ ሥር ናቸው። ገንዘቡንማ ልኬያለሁ።» ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሽማግሌውን እጅ ያያሉ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «እውነትና ንጋትስ እያደር ይጠራል» አሉ አያ የሻው፤ «ማኪናው ግን አያድርልኝም።»

ንጋት የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ዐዚዛ ደነገጠች። ኸሊል ያላየውን፣ ከቀዩ ብርሃን ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ምክንያት አነበበች። «መልእክቱ ከመላኩ በፊት ደርሷል» ይላል። ይህን መፈተኛ የጻፈችው ራሷ ነች፤ ሲሳካላት የኮራችበትም ነበር። ሌባ የመልእክቱን ቃል ያሳምራል እንጂ ሰዓቱን ማመሳሰል ይረሳል ብላ ነው። እውነትም ጽሑፉ ውስጥ ባንኩ የላከበት ሰዓት 10:20 ይላል፤ የሽማግሌው ስልክ ደግሞ መልእክቱ የደረሰኝ 4:20 ላይ ነው ይላል። ሳይላክ ደርሷል ማለት ነው።

«አያ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለቻቸው።

አያ የሻው ስልካቸውን አዩ። «አራት ተኩል ሆኗል ልጄ። ማኪናው ባምስት ይነሣል።»

ዐዚዛ ቀና አለች። የሱቁ የግድግዳ ሰዓት አራት ተኩል ይላል። የአባቷ የእጅ ሰዓትም እንደዚያው። እናቷ ወጥ የምትጥደው፣ ሱቁ የሚከፈተው፣ አይሱዙው የሚነሣው፣ እሷ ራሷ ዛሬ ከጌትነት ጋር የተቀጣጠረችው በዚሁ ሰዓት ነው። በፈረንጅ ሰዓት የሚሄዱት ባንኩና የእሷ ስልክ ብቻ ናቸው። በሐበሻ ሰዓት እየኖረች መፈተኛውን በፈረንጅ ሰዓት ጻፈችው፤ ጌትነትም አይቶ አለፈው፤ አስመሳይም ከሁለቱ ሌላ አስተማሪ የለውምና ሰዓቱ በሐበሻ የተሞላ ስልክ አንድ ቀን እንኳ አስመስሎ አያውቅም። አፈረች።

«ስህተቱ የኛ ነው» አለች። «ስልካቸው በሐበሻ ሰዓት ስለተሞላ ነው ቀይ ያበራው። ሌላ ምንም አልተገኘባቸውም።»

«እና ከፍለዋል?» አለ ኸሊል።

«እሱን አላውቅም። አልከፈሉም የሚያሰኝ ነገር የለም ነው የምልህ።»

ከዚህ በኋላ የመጣውን ዝምታ ዐዚዛ ታውቀዋለች። በቤታቸው ከባድ ነገር የሚወሰነው በንግግር አይደለም። ኸሊል አባቱን ያያል፤ ሐጂ መሬት ያያሉ፤ እሷ ሁለቱን ታያለች፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጫኝ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው የተነሡት።

«ጫኑላቸው» አሉ።

«አባባ፣ ባይገባስ?»

«ባይገባ ቆርቆሮ ነው። ሰውን ሌባ ያልነው እኛ ነን፤ የሳተችውም የኔ ልጅ ናት።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው አንገታቸውን ሰበሩ። «አያ የሻው፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይቅር ይበሉን።»

ኸሊል ሠራተኞቹን ገፍቶ ቆርቆሮውን ራሱ ተሸከመ፤ ሸሚዙ ላይ የብረት ዝገት እስኪታተም ድረስ እየተመላለሰ ጫነ፤ ሲጨርስ የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ፣ ዓይናቸውን ሳያይ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመጣ ብሎ የላስቲክ ሸራ ጨመረላቸው። አያ የሻው ሐጂን እጅ ነሡ። «ይቅር ለእግዜር። ሸጋ ሰው ነዎት። አሁን ያዋረደኝን የሰሙት ግን አብረውኝ ነው የሚሳፈሩ፤ አገር እስክንገባ እኔ ምን እላለሁ?» አሉ። ሽማግሌው ወደ መኪናው ሲሻገሩ ዐዚዛ አጠገብ ቆም አሉ። የተቆጡ አልመሰሉም፤ ግራ የገባቸው ነው የመሰሉት። «ምነው ልጄ፣ ያን ማሽን ስታስተምሪው የኛን ስልክ ሳታሳዪው?»

አይሱዙው ሄደ። ዐዚዛ ወደ ኋላ ክፍል ተመልሳ የእምቢታ ደብዳቤዋን አነበበች። «ለጥንቃቄ ሲባል» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተጽፏል። ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ቆየ። ረዳቱ ሃያ ብር ጠየቀ፤ አንዲት ተማሪ ትናንት አሥራ አምስት ነበር ብላ ተከራከረች፤ ረዳቱ «ትናንት ትናንት ነው» አላት፤ ተከፈለው። የጌትነት ክፍል ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ፣ የስድስት ተከራይ ግቢ ውስጥ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛና የመጽሐፍ ካርቶን ሲገባባት በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ለዚህችው ከደመወዙ ሲሶው ይሄዳል፤ አከራይዋ ደግሞ ለሰኔ ጭማሪ እንዳለ ከወዲሁ አሳውቀዋል። ዐዚዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ክፍት አድርጋ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። «ቀይ ካለ ዝም ብሎ አይልም» ያለችውን ጭምር ነገረችው። ጌትነት ሲሰማ ቆየና ራሱን ያዘ። የሰዓቱን ነገር እዚያው ጠረጴዛው ላይ አብረው አረሙት፤ ብዙም አልፈጀም። ያስቸገረው የቀረው ነው።

«እንልቀቀው» አለች።

ጌትነት ወዲያው አልተቆጣም፤ የተረጋጋ ሰው ነው፤ ሲከራከርም ሒሳብ የሚያስረዳ ይመስላል። እናቱ መንበረ፣ ጠዳ በምትባል ከተማ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትነግዳለች። ክፍያ የምትቀበለው እንደ አያ የሻው ባለች ስልክ ነው። «ንጋት ካሜራ ያለው ስልክ ይፈልጋል» አለ። «አስመሳይን ስንለቅ የሚታለለው ንጋት የሌለው ሰው ነው፤ እናቴ ነች። መልእክት መጣ ከተባለች ሽንኩርቱን ትሰጣለች። አባትሽ የለቀቁት የራሳቸውን ቆርቆሮ ነው፤ እኛ የምንለቀው የሰው ነው።»

ልክ ነው። ዐዚዛም ልክ መሆኑን ታውቃለች። በክፍቱ በር የአከራይዋ ዶሮ ገብታ ወጣች። ከሩቅ፣ ከዳባት በኩል፣ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ዐዚዛ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይሆን ብላ አሰበች፤ ሽማግሌው መኪናው ላይ ምን እየተባሉ እንደሄዱም አሰበች፤ አብሮ የሰማ ሰው አብሮ ሲጓዝ ስለ ሌላ ነገር አያወራም።

«አባባን ያታለለው ልጅ እኮ የኛን አስመሳይ አልጠበቀም» አለች ቆይታ። «ሌቦቹ የየራሳቸው አስመሳይ አላቸው። አስመሳይ የሌላቸው አያ የሻው ናቸው። ልዕልት መሞከሪያውን ብታገኝ ኖሮ ከደሴ ገጠር፣ ሌላውም ከየአገሩ የየራሱን ስልክ ይዞ ይፈትነው ነበር፤ ዛሬ የሆነው አይሆንም ነበር። የደበቅነው ከሌባ መስሎን ነበር። የደበቅነው ከእሳቸው ነው።»

«እናቴስ?»

«እናትህን አብረን ሄደን እንነግራታለን። አስመሳይ የሚጽፈው መልእክት ሁሉ በሌለ ባንክ ስም ይሁን፤ ሙከራ መሆኑም በጽሑፉ ይግባ።»

«የሚያውቅ ሰው አንድ ሻይ ሳይጠጣ ያወጣዋል።»

«ያወጣዋል» አለች። አልዋሸችውም።

ጌትነት ረጅም ጊዜ በመስኮቱ አየ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስቦ የባንኩን ስም መለወጥ ጀመረ። «እሑድ ጠዳ እንሄዳለን» አለ ሳይዞር፤ «እናቴ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ብትታለል አንቺ ነሽ የምትከፍዪያት።» ሲጨርስ አዲሱን ፈተና «የአያ የሻው ስልክ» ብለን እንሰይመው አላት። ዐዚዛ አልፈቀደችም፤ ስማቸው ለዛሬ በበቂ ተነሥቷል አለች። «የሐበሻ ሰዓት» ብለው ጻፉበት። ለልዕልት አጭር መልስ ጻፉ፤ ጥንቃቄ የሚለው ቃል የለበትም፤ ይቅርታ የሚለው አለበት። የመጨረሻዋን ቁልፍ የነካችው ዐዚዛ ነች። ምንም ድምፅ አልተሰማም። አንድ የማታውቀው ሰው የሆነ ቦታ ክፉ ሊሠራበት እንደሚችል አውቃ ነው የለቀቀችው፤ ይህንንም ለጌትነት ነገረችው። እሱም ይህንኑ እያወቀ እንደለቀቀው ነገራትና በሩን ዘግተው ወጡ።

አዲስ ዓለም ሰፈር ቤታቸው ስትደርስ አባቷ ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ፍራሹ ላይ አረፍ ብለዋል። እናቷ እራት ታቀርባለች። ኸሊል ልብሱን አልቀየረም፤ ዝገቱ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይመለከታል። ዐዚዛ መሞከሪያውን እንደለቀቁት ለአባቷ ነገረች። ሐጂ ሁሉንም የተረዱት አልመሰላትም፤ «አስበሽበታል?» ብቻ አሉ። «አስቤበታለሁ።»

እራት ላይ ስልኩ ጮኸ። ቤቱ ዝም አለ። ሐጂ ስልኩን አላነሡም፤ ዐዚዛን አዩዋት።

«ያንቺ ነው?»

«የኔ አይደለም። የኔን ጧት አጥፍቼዋለሁ።»

እሷው አንስታ አነበበችው። የላኪው ስም የሻው ይላል። የተላከበት ሰዓት ጧት የታየው ያው ነው፤ ሲስተም የለም ሲባል የዋለው ገንዘብ አሁን ገባ። ስሙን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ፈትሂያ እጇን ለምርቃት ዘርግታ መሐል ላይ አቆመችና ልጇን አየቻት። «አሁንስ ልመርቅ?»

«መርቂ» አለች ዐዚዛ።

ኸሊል ከጥጉ ብድግ አለ። የሽማግሌውን ቁጥር አውጥቶ ስልኩን ይዟል። «ልደውልላቸው፣ ገብቷል ልበላቸው።»

«ተው» አሉ ሐጂ። «ገብቷል እንዳትላቸው። ጣሪያው ደረሰ ወይ ብለህ ጠይቃቸው።»

ኸሊል ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰሙም ድምፁን ከፍ አደረገው። ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሣ፤ አያ የሻው ገና «አቤት» ሳይሉ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፅ ቤቱን ሞላው።